«183 ቀን አልሞላሁም»፤ ታዲያ የማን አገር ግብር ከፋይ ነኝ?

የጠያቂያችን ደብዳቤ

«በልደታ ኮንዶሚኒየም ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖር የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥሬ ስሠራ ቆይቼ፣ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ስለቀጠረኝ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ወደ ለንደን ሄድኩ። እዚያ አነስተኛ ቤት ተከራይቼ እስከ የካቲት 21 ቀን ድረስ ሠራሁ፤ በመካከሉ ለገና በዓል መጥቼ ከቤተሰቤ ጋር አሥር ሌሊት አድሬ ተመልሻለሁ። አሁን ከልደታ ቤቴ ሆኜ ለዚያው ኩባንያ እየሠራሁ ነው፤ በወር 4,000 ፓውንድ ይከፈለኛል፣ ከዚህም የእንግሊዝ ግብር ይቆረጣል። የኩባንያው የሰው ኃይል ክፍል 183 ቀን ስላልሞላሁ የእንግሊዝ ነዋሪ እንዳልሆንኩ ነግሮኛል። ለንደን ያለው የአክስቴ ልጅ ግን እዚያ የከፈለ ሰው አገሩ ሲገባ አይጠየቅም ይላል። ባለቤቴ በበኩሉ ኢትዮጵያ ከድንበሯ ውጭ በተሠራ ሥራ ላይ ምን አገባት ይላል። ማንን ልስማ? ለለንደኑ ቤት የከፈልኩት ኪራይስ ከግብሩ ይቀነስልኛል?»

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ሦስቱም መካሪዎችዎ ከእውነቱ አንዳንድ ቁራጭ ይዘዋል፤ ችግሩ እያንዳንዳቸው ቁራጩን እንደ ሙሉ እንጀራ አድርገው ማቅረባቸው ነው። ረጅሙን ከመጀመሬ በፊት አጭሩን ልንገርዎ፦ ዓመቱን በሙሉ የኢትዮጵያ ነዋሪ ነዎት። በእንግሊዝ በራሷ ሕግ ሲታይ ደግሞ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ ከነገረዎት በተቃራኒ፣ መጋቢት 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ ለተዘጋው የእንግሊዝ የግብር ዓመት የእንግሊዝም ነዋሪ ሆነዋል። ሁለቱ አገሮች ተደራራቢ ግብርን ለማስቀረት የተፈራረሙት ስምምነት ሁለቱ ሲጋጩ ወደ ኢትዮጵያ ይመልስዎታል። ለንደን ተቀምጠው ያገኙትን ደመወዝ ሁለቱም አገሮች ይጠይቁበታል፣ ኢትዮጵያ ግን እዚያ የከፈሉትን ታካክስልዎታለች፤ ማለትም ከራሷ ግብር ላይ ትቀንስልዎታለች። ልደታ ተቀምጠው የሚያገኙት የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ደስ ላያሰኝዎት ይችላል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ በቁጥር አሳያለሁ።

በዚህ ጉዳይ የሚጠይቁን ሰዎች ብዙዎቹ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ማሰሮ ይጨምራሉ። አንደኛው «እኔ የየት አገር ነዋሪ ነኝ?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ገንዘቡ የተሠራው የት ነው?» የሚለው ነው። አንድ አገር ነዋሪዋ የሆነን ሰው ዓለም ላይ በየትም ቦታ ባገኘው ገቢ ልትጠይቀው ትችላለች፤ ነዋሪዋ ያልሆነን ሰው ደግሞ በእሷ መሬት ላይ በመነጨ ገቢ ብቻ ትጠይቀዋለች። የእኛም የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ ነዋሪው በዓለም አቀፍ ገቢው፣ ነዋሪ ያልሆነው ከኢትዮጵያ በሚመነጭ ገቢው ግብር ይከፍላል። ስለዚህ የባለቤትዎ ጥያቄ፣ «ከድንበሯ ውጭ በተሠራው ምን አገባት» የሚለው፣ መልሱ እርስዎ ነዋሪ ነዎት ወይስ አይደሉም በሚለው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዜግነት እዚህ ውስጥ አይገባም። ዜጋዋ በየትም ቢኖር ተከትላ ግብር የምትጠይቀው አሜሪካ ናት፤ የእኛ ሕግ ዜግነትን የሚያነሳው በውጭ አገር ለተመደቡ የኢትዮጵያ ዲፕሎማቶችና ቆንስላ ሹማምንት ሲል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ነዋሪነቱ። የአዋጁ አንቀጽ 5 አንድን ግለሰብ ነዋሪ የሚያደርጉ ሦስት በሮችን ይከፍታል። አንዱ አሁን የጠቀስኩት የዲፕሎማቶቹ በር ነው። ሁለተኛው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በተከታታይም ሆነ እየተመላለሱ ከ183 ቀን በላይ በኢትዮጵያ መገኘት ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህንን ነው፤ አዋጁ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳው በኢትዮጵያ ውስጥ ቋሚ መኖሪያ ያለውን ሰው ነው፤ ለዚህ ሰው ቀን አይቆጠርለትም። ቀን የሚቆጠረው መኖሪያው እዚህ ላልሆነ ሰው ነው። ከውጭ መጥቶ በመዲናችን ሆቴል ተቀምጦ ለፕሮጀክት የሚሠራ የውጭ ዜጋ ቀኑን ይቁጠር፤ ባልዋና ልጆችዋ ልደታ ያሉ ሰው ግን ቀን ስትቆጥር ብትውል የምታገኘው ነገር የለም።

«ቋሚ መኖሪያ» ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ብዙ ይረዳል። ሕጉ የአንድ ሰው መኖሪያ ማለት በቋሚነት ለመኖር አስቦ የሥራውንና የጥቅሙን ዋና ማዕከል ያደረገበት ስፍራ ነው ይላል። የሚገርመው፣ ይህ ድንጋጌ የሚገኘው በቁጥር 183 ላይ ነው። አጋጣሚ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ግን «183ን ተመልከቱ» የሚል ምክር የሚሰጥ ሰው ሲያጋጥመኝ የትኛውን 183 ነው ብዬ መጠየቅ እወዳለሁ፤ ለግብር ነዋሪነት ከቀኑ ይልቅ ቁጥሩ ይበልጣልና። ይኸው ሕግ ቀጥሎ ለእርስዎ ጉዳይ በቀጥታ የተጻፈ የሚመስል ነገር ይላል፤ አንድ ሰው ሥራውን በአንድ ቦታ፣ የቤተሰብ ሕይወቱን በሌላ ቦታ የሚመራ ሆኖ ጥርጣሬ ሲነሳ፣ መኖሪያው ቤተሰቡ ያለበት ቦታ እንደሆነ ይቆጠራል። በተጨማሪም አንድ ሰው በሌላ ስፍራ አዲስ መኖሪያ እስኪመሠርት ድረስ የቀድሞው መኖሪያው እንደያዘው ይቆያል። እርስዎ ለንደን ላይ የተከራዩት ማደሪያ እንጂ አዲስ ሕይወት አልነበረም። ስለዚህ አምስት ወር ተኩል ቀርቶ አሥር ወር ቢቆዩ፣ ቤትዎና ቤተሰብዎ ልደታ እስካሉ ድረስ ነዋሪነትዎ ከእርስዎ ጋር ቦሌ ላይ አይሳፈርም ነበር።

ለነገሩ በቀን ቆጠራውም አያመልጡም። የግብር ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 ባለው ጊዜ፣ ዳግመኛ ካልተጓዙ፣ ከ200 ቀን በላይ በአገርዎ ይገኛሉ። ሁለቱም በር ክፍት ነው።

ነዋሪነት ምን ሲሆን ነው የሚቋረጠው የሚል ጥያቄ ተከትሎ እንደሚመጣ ስለማውቅ በአጭሩ ልመልስ። ቤተሰቡን ይዞ የሄደ፣ እዚህ ያለውን ቤት ያስረከበ ወይም ያከራየ፣ ልጆቹን እዚያ ትምህርት ቤት ያስገባ፣ የሥራ ውሉም የቆይታ ፈቃዱም ዘላቂ የሆነ ሰው መኖሪያውን አዛውሯል ለማለት ይቻላል። «አንድ ቀን እመለሳለሁ» የሚል ጠቅላላ ሐሳብ ብቻውን እዚያ ከሚኖርበት እውነታ አይበልጥም፤ እንደዚሁም «ልሄድ ነው» ማለት ብቻውን ከዚህ አያስወጣም።

እንግሊዝ ዘንድ ግን ስሌቱ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ የሰው ኃይል ክፍሉ የተሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝ የግብር ዓመት ከፈረንጆቹ ኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 28 እስከ ቀጣዩ መጋቢት 27 መሆኑ ነው። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪነትን የሚወስኑት በሕግ በተጻፈ ፈተና ነው። በዚህ ፈተና 183 ቀን መሙላት ሰውን በቀጥታ ነዋሪ ያደርገዋል፤ ነገር ግን 183 አለመሙላት ነዋሪ አለመሆን ማለት አይደለም። ባለፉት ሦስት የግብር ዓመታት ነዋሪ ላልነበረ ሰው፣ ከ46 ቀን በታች ከቆየ በእርግጥ ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ከአገሪቱ ጋር ያለው ትስስር ይቆጠራል፤ ከ46 እስከ 90 ቀን የቆየ አራት ትስስር፣ ከ91 እስከ 120 ቀን የቆየ ሦስት፣ ከ120 ቀን በላይ የቆየ ደግሞ ሁለት ብቻ ሲኖሩት ነዋሪ ይባላል። ቀኑ ከበዛ የሚፈለገው ትስስር ይቀንሳል፣ ትስስሩ ከበዛ የሚፈለገው ቀን ይቀንሳል፤ እንደ ሚዛን ነው።

ትስስር የሚሏቸው አራት ናቸው። የትዳር ጓደኛ ወይም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በእንግሊዝ ነዋሪ መሆን አንዱ ነው፤ ይህ የለብዎትም። ካለፉት ሁለት የግብር ዓመታት በአንዱ ከ90 ቀን በላይ እዚያ ማሳለፍ ሌላው ነው፤ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ይህም የለብዎትም። ሦስተኛው፣ ቢያንስ ለ91 ተከታታይ ቀናት ሊያድሩበት የሚችሉት ቤት መኖርና በእርግጥም አድሮበት መገኘት ነው። አራተኛው፣ በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ 40 ቀን በየቀኑ ከሦስት ሰዓት በላይ እዚያ መሥራት ነው። ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ተሟልተዋል። ቀኑን ስንቆጥረው ደግሞ፣ እንግሊዞች ቀን የሚሉት እኩለ ሌሊት ላይ በምድራቸው የተገኙበትን ነው፤ ከመስከረም 5 እስከ የካቲት 20 ያሉት ሌሊቶች 166 ሲሆኑ፣ ለገና እዚህ ያደሩባቸው አሥሩ ሲቀነሱ 156 ይቀራሉ። 156 ቀንና ሁለት ትስስር ማለት ነዋሪ ማለት ነው። ከ36 ቀን ቀደም ብለው ቢመለሱ ኖሮ 120 ላይ ይቆሙና ሦስተኛ ትስስር ስለሌለዎት ነዋሪ አይሆኑም ነበር። ለሚቀጥለው ጉዞዎ ይህን ያስቡበት።

የእንግሊዝ ነዋሪነት ደግሞ በመርህ ደረጃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓመቱን ሙሉ ነው። ዓመቱን ከሁለት የሚከፍሉበት ሥርዓት ቢኖራቸውም፣ ቅድመ ሁኔታዎቹ እንደ እርስዎ ለጥቂት ወራት ሄዶ ለተመለሰ ሰው የሚገጥሙ አይደሉም። ይህ ማለት ደግሞ በሕጉ ፊደል ከሄድን፣ ከመጋቢት 28 ቀን 2017 ጀምሮ እስከ ጉዞዎ ቀን ድረስ እዚህ በቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ ያገኙትን የብር ደመወዝ እንኳ ለንደን ልትጠይቅበት ትችል ነበር። ስምምነቱ ባይኖር ኖሮ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው አባባል ለፍትሐ ብሔሩ መኖሪያ በትክክል ይሠራል፤ ሕጉም አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት መኖሪያ ሊኖረው እንደማይችል ይናገራል። ለግብር ነዋሪነት ግን አይሠራም። እያንዳንዱ አገር ነዋሪውን የሚመርጠው የጎረቤቱን ምርጫ ሳይጠይቅ በመሆኑ፣ አንድ ሰው በሁለት ዛፍ ላይ በአንድ ጊዜ ወጥቶ ሊገኝ ይችላል። ኢትዮጵያና እንግሊዝ በሰኔ ወር 2003 ዓ.ም. ለንደን ላይ የተፈራረሙትና በየካቲት 2005 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ስምምነት አንዱ ሥራው ይህንን መፍታት ነው። የሚፈታውም በደረጃ ነው፤ በመጀመሪያ ቋሚ ቤት ያለው የት ነው ይላል፤ በሁለቱም ካለው የግልና የኢኮኖሚ ግንኙነቱ ይበልጥ የሚጠነክረው ከየትኛው ጋር ነው ይላል፤ ይህም ካልለየ አዘውትሮ የሚኖርበትን ያያል፤ ከዚያም ዜግነቱን፤ በመጨረሻም የሁለቱ አገሮች ባለሥልጣናት ተነጋግረው ይወስናሉ። እርስዎ ከሁለተኛው ደረጃ አያልፉም። የለንደኑ ኪራይ ቤት ቋሚ ቤት ነው ብንል እንኳ ትዳርዎ፣ ልጆችዎ፣ የዕለት ተዕለት ኑሮዎ ልደታ ነው። ስለዚህ ለስምምነቱ አፈጻጸም የኢትዮጵያ ነዋሪ ነዎት፤ እዚህ ተቀምጠው የሠሩት ሥራ ደመወዝም፣ የቀድሞው የብር ደመወዝዎ ጭምር፣ ግብሩ የኢትዮጵያ ብቻ ይሆናል።

የሰው ኃይል ክፍሉ የሰማው የሚመስለኝ በዚሁ ስምምነት ውስጥ ያለውን ሌላ 183 ነው። አንድ ሠራተኛ በሌላው አገር ለአጭር ጊዜ ሠርቶ ቢመለስ ያ አገር ግብር አይጠይቀውም የሚል አንቀጽ አለ፤ ነገር ግን ሦስት ሁኔታዎች በአንድነት መሟላት አለባቸው። ቆይታው በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከ183 ቀን የማይበልጥ መሆን አለበት፤ ደመወዙን የሚከፍለው አሠሪ የዚያ አገር ነዋሪ መሆን የለበትም፤ ወጪውንም አሠሪው በዚያ አገር ያለው፣ በቋሚነት የሚሠራ ድርጅቱ መሸከም የለበትም። የእርስዎ አሠሪ የእንግሊዝ ኩባንያ ስለሆነ ሁለተኛው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እንግሊዝ ከለንደን ደመወዝዎ ግብር መቁረጧ ትክክል ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቁጥሮቹን ለመከተል እንዲያመችዎ ለንደን የሠሩበትን ጊዜ አምስት ወር ተኩል፣ ያገኙትንም 22,000 ፓውንድ ልበል። እንግሊዝ በዓመት የመጀመሪያውን 12,570 ፓውንድ ከግብር ነፃ ትተወዋለች፤ ከዚያ እስከ 50,270 ፓውንድ ያለውን 20 በመቶ ታስከፍላለች። ስለዚህ በለንደኑ ደመወዝ ላይ ያለብዎት 9,430 በ20 በመቶ ሲባዛ 1,886 ፓውንድ ነው። አሁን ደግሞ የእኛን እንየው። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት፣ በሠንጠረዥ «ሀ» የሚከፈለው የመቀጠር ግብር በወር እስከ 2,000 ብር ድረስ ዜሮ ሆኖ፣ ከዚያ በየደረጃው ከ15 በመቶ እየጨመረ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። በአጭር ስሌት፣ ከ14,000 ብር በላይ የሚያገኝ ሰው የወር ደመወዙን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 ብር ይቀንሳል። የእርስዎ ደመወዝ ወደ ብር ሲመነዘር 14,000ን በብዙ እጥፍ ስለሚያልፍ፣ 2,050 ብሩ እዚህ ግባ የሚባል ቅናሽ አይሆንም። የ22,000 ፓውንድ 35 በመቶ 7,700 ፓውንድ ነው።

አዋጁ ነዋሪ በውጭ አገር የከፈለውን የገቢ ግብር እንዲያካክስ ይፈቅዳል፤ የሚካካሰው ግን ውጭ ከከፈለውና በዚያው ገቢ ላይ እዚህ ከሚከፍለው ግብር አነስተኛው ነው። አነስተኛው 1,886 ነው። ስለዚህ ከ7,700 ላይ 1,886 ሲነሳ 5,800 ፓውንድ ገደማ የሚሆን ብር፣ ከየወሩ 2,050 ብር ተቀንሶ፣ እዚህ ይቀራል። «እዚያ ከከፈልሽ እዚህ አትጠየቂም» የሚለው ምክር እውነት የሚሆነው እዚያ የተከፈለው ከዚህኛው ሲበልጥ ወይም ሲስተካከል ብቻ ነው። ይህን ስሰጥ ደስ ብሎኝ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ኑሮ ላይ 35 በመቶ ከ14,000 ብር ጀምሮ መያዙ እኔ በግሌ ከባድ የምለው ነገር ነው። ነገር ግን የሕጉ ክብደት ሌላ፣ የሕጉ ትርጉም ሌላ ነው።

ከደመወዝ ወረቀትዎ ላይ የሚያዩትን ሁሉ አያካክሱ። ለማኅበራዊ ዋስትና በሚል በተለየ መስመር የሚቆረጠው መዋጮ የገቢ ግብር አይደለም፤ ከስሌቱ ውጭ ይተውት።

ከተመለሱ በኋላ ያለው ጊዜ በሁለት ክፍል ይታያል። ከየካቲት 22 እስከ መጋቢት 27 ያለው ገና በእንግሊዝ የግብር ዓመት ውስጥ ነው፤ በእነሱ ሕግ ነዋሪ ስለሆኑ ኩባንያው ግብር መቁረጡ አያስገርምም፤ ከዚህ የሚያድንዎት ስምምነቱ ነው። ለምሳሌ በፈረንጆቹ ማርች ደመወዝዎ ላይ የተቆረጠው 800 ፓውንድ ያህል ይሆናል። ከመጋቢት 28 ቀን 2018 በኋላ ግን አዲስ የግብር ዓመት ገብቷል፤ በዚህ ዓመት እንግሊዝ ምድር ላይ አላደሩም፣ አልሠሩምም፤ ስምምነቱን መጥቀስ እንኳ ሳያስፈልግ እንግሊዝ በዚህ ደመወዝ ላይ ምንም የላትም። ሆኖም ኩባንያው መቁረጡን ከቀጠለ በወር 590 ፓውንድ ገደማ ወደማይገባው ካዝና እየሄደ ነው።

ይህ ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። በስህተት የተቆረጠውን ገንዘብ እዚህ ላካክስ ቢሉ አይሆንም፤ ማካካሻ የሚገባው በሕግ ለሚገባ ግብር ነውና። ገንዘቡን የሚጠይቁት ከእንግሊዝ የገቢና ጉምሩክ ባለሥልጣን ነው። ስምምነቱን መሠረት አድርገው ሲያመለክቱ፣ የኢትዮጵያ ነዋሪ መሆንዎን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከእኛ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት አውጥተው እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ። ይህን ማረጋገጫ ለማውጣት ደግሞ እዚህ የተመዘገቡ ግብር ከፋይ መሆን ይኖርብዎታል። የለንደኑን ገንዘብ ለማስመለስ የሚወስደው መንገድ በአዲስ አበባ በኩል ነው የምለው ለዚህ ነው።

እዚህ ያለው አሠራር እንደ ቀድሞው መሥሪያ ቤትዎ አይሆንም። ያኔ ቀጣሪዎ ግብሩን ቀንሶ ያስገባ ነበር፤ የአሁኑ ኩባንያ ግን በኢትዮጵያ ስለሌለ የሚቀንስልዎት የለም፣ የማስታወቁና የመክፈሉ ግዴታ በእርስዎ ትከሻ ላይ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን ይዘው ወደ ግብር ጽሕፈት ቤትዎ ይቅረቡ፤ የወራቱን ገቢ ገቢው በተገኘበት ጊዜ ባለው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ተመን ወደ ብር ለውጠው ያስታውቁ። ደመወዙ ለንደን ባለ ሂሳብም ይግባ፣ እዚህ ባለ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብም ይግባ ለግብሩ ለውጥ የለውም፤ ለሠሩበት ቦታ እንጂ ለተከፈሉበት ባንክ አይታይም። ዘግይተው ከሆነ መቅጫውና ወለዱ እንደሚታሰብ አውቀው ሳይጠሩ መቅረብ ይሻላል። ፓስፖርትዎን ከነማህተሙ፣ የአየር መንገድ ትኬቶችን፣ የቅጥር ውሉን፣ የለንደኑን የኪራይ ውል፣ የደመወዝ ወረቀቶችን፣ እንዲሁም ኩባንያው በእንግሊዝ የግብር ዓመት መዝጊያ ላይ የሚሰጥዎትን «ፒ60» የሚባል ማጠቃለያ በአንድ አቃፊ ያኑሩ። አዋጆቹን እራስዎ ማንበብ ከፈለጉ ነጋሪት ጋዜጣው ከአራት ኪሎው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይገዛል፤ ለእርስዎ ዓይነት ባለሙያ አዋጅ ማንበብ ኮድ ከማንበብ አይከብድም። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች የተለያየ መልስ ከሰጡዎት ደግሞ፣ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋይ ስለራሱ ጉዳይ የሕግ ትርጉም በጽሑፍ እንዲሰጠው ማመልከት እንደሚችል ስለሚደነግግ፣ በዚህ መብት ይጠቀሙ። በቃል የተሰጠ መልስ ነገ ምስክር አይሆንዎትም።

አንድ ነገር ከውልዎ ላይ ያረጋግጡ። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ እርስዎ ተቀጣሪ ነዎት ብዬ ነው። አንዳንድ የውጭ ኩባንያዎች ሠራተኛው ወደ አገሩ ሲመለስ ውሉን ሳያስታውቁ ወደ አማካሪነት ይለውጡታል፤ እንደዚያ ከሆነ ገቢው የመቀጠር ሳይሆን የንግድ ሥራ ገቢ ሆኖ ወደ ሠንጠረዥ «ሐ» ይሄዳል፣ የሂሳብ አያያዙም፣ የሚቀነሰው ወጪም፣ በስምምነቱ ውስጥ የሚመለከተው አንቀጽም ይለወጣል። ከልደታ ቤትዎ መሥራትዎ ኩባንያውን እዚህ በቋሚነት የሚሠራ ድርጅት እንዳለው ሊያስቆጥረው ይችላል ወይ የሚለው ግን የኩባንያው ራስ ምታት ስለሆነ ለእነሱ ጠበቃ ይተዉት።

ስለ ለንደኑ ኪራይ የጠየቁኝ ቀርቶብኝ ነበር፤ ከኢትዮጵያው ግብር አይቀነስም። አዋጁ የመቀጠር ገቢ ለማግኘት የወጣ ወጪ እንዲቀነስ አይፈቅድም፤ ተቀጣሪ እስከሆኑ ድረስ ኪራዩም፣ የአውሮፕላን ትኬቱም፣ ለክረምቱ የገዙት ካፖርትም ከኪስዎ ነው።